አሰልጣኙን ስትተቹ «ማን ይውጣ?» ብላችሁ ጀምሩ

እኔ የኒው ዮርኩ የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ የኒክስ ደጋፊ ነኝ። ብሮንክስ ስኖር የያዘኝ አመል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁም በኋላ አልለቀቀኝም። እዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው የዋሽንግተኑን ዊዛርድስ መደገፍ ነበረበት፤ ግን ለራሴ አዘንኩለት። ጨዋታ ባለ ቁጥር አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ግማሾቻችን ከሥራ ወጥተን፣ ግማሾቻችን ሥራ ልንገባ። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ክርክሩ ግን ሳምንት ይሄዳል። ክርክሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ተጫዋች አይደለም፤ ስለ አሰልጣኙ ነው።

ከ2020 እስከ 2025 ኒክስን ያሰለጠነው ቶም ቲቦዶ ነበር። ከእሱ ጋር ያልተጣላ የኒክስ ደጋፊ አላውቅም። እሱን ስንወቅስና ስንከላከል የተማርነውን ልንገራችሁ። ለየትኛውም ቡድን ይሠራል።

ግማሽ ጥያቄ አትጠይቁ

ክርክር የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። «ተጠባባቂውን ሻሜትን ለምን አያስገባውም?» ይላል አንዱ። ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ግማሹ የለም። ሜዳ ላይ ያለው አምስት ሰው ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። እኛ ቤት አንድ ታላቃችን አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ድምፃቸውን ሳያነሱ «ማን ይውጣ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙው ሰው ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤን ቢ ኤ (የአሜሪካው ሊግ) ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። በአምስት ሲባዛ 240 ይመጣል። አሰልጣኙ የሚያብቃቃት እሷኑ ነው፤ እንደ ወር ደሞዝ በሏት። ቲቦዶ በ2024-25 ሲዝን አምስቱን ቋሚዎች፣ ብራንሰንን፣ ብሪጅስን፣ ሃርትን፣ አኑኖቢንና ታውንስን አንድ ላይ 940 ደቂቃ አጫውቷል። በዚያ ዓመት በሊጉ ይህን ያህል አብሮ የተጫወተ ሌላ አምስት አልነበረም። «ሰዎቹን ገደላቸው» የሚባለው ለዚህ ነው።

እሺ፣ እናስላው። አምስቱ ሰላሳ ስምንት ሰላሳ ስምንት ደቂቃ ቢጫወቱ 190 ነው። ለቤንች፣ ማለትም ለተጠባባቂዎቹ፣ የሚቀረው 50 ነው። አሁን ከተጠባባቂዎቹ ማክብራይድን 20፣ ሚቸል ሮቢንሰንን 20፣ ሻሜትን 15 ስጧቸው። 55 ሆነ። አምስቷ ደቂቃ ከማን ትቀነስ?

«ቋሚዎቹን 34 ላይ አቁማቸው» የሚል ሰው ካለ ደግሞ እሱ ቁም ነገር ይዟል። 170 ይሆናል፤ ለቤንች 70 ይተርፋል። ያ ሰው ግን አንድ ዕዳ ይኖርበታል። ብራንሰን በሚያርፍባት 14 ደቂቃ ኳሱን ይዞ የሚወጣው ማን እንደሆነ ይንገረን። «ተጠባባቂው ካሜሮን ፔይን» የሚል ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ውጤቱን ለጊዜው እርሱት

ኳሷ ከገባች በኋላ ሁሉም አዋቂ ነው። ስለዚህ ውሳኔን ስትመዝኑ ሰውየው ያኔ ምን ያውቅ ነበር፣ ምን ፈርቶ ነበር፣ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው ብላችሁ ተነሱ። ለዚህ ከ2013ቱ ፋይናል ስድስተኛ ጨዋታ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ማያሚ ሂትን በጨዋታ 3 ለ 2 ይመራል። ለዋንጫው አንድ ድል ነው የቀረው። 28 ሰከንድ ሲቀር በአምስት ነጥብ ይመራል። አሰልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ለመከላከሉ ቲም ደንከንን ወደ ቤንች ጠራው። ደንከን በዚያ ማታ 30 ነጥብና 17 ሪባውንድ (ከሳተ ሙከራ በኋላ የተያዘ ኳስ) ያለው ሰው ነው! የማያሚው ሌብሮን ሞክሮ ሳተ፤ ማያሚዎች ሪባውንዱን ወሰዱ፤ ሌብሮን በሁለተኛው ሙከራ ሶስት ነጥብ አገባ። ከዚያ የስፐርሱ ካዋይ ሌናርድ ከሁለት ፍሪ ስሮው (የቅጣት ሙከራ) አንዱን ሳተ። 95 ለ 92። ማያሚ ሲያጠቃ ደንከን አሁንም ቤንች ላይ ነው። ሌብሮን ሳተ፣ ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን ቀማ፣ ጥግ ላይ ለቆመው ለሬይ አለን ሰጠው። እሱም ሶስት ነጥብ አገባ፤ 5.2 ሰከንድ ሲቀር እኩል። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም ጨዋታ ወሰደ፤ ዋንጫው ሄደ።

«ሪባውንዱን ደንከን ይይዘው ነበር» ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ግን ፖፖቪች የፈራው ምንድነው? በሶስት ስትመራ አንድ ሙከራ ላይ እኩል የሚያደርግህ ሶስት ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ በየስክሪኑ (አጥቂ የጓደኛውን ተከላካይ በሰውነቱ ሲያግድ) ሰው እየተቀያየሩ ተኳሽ ላይ የሚደርሱ ፈጣን እግሮች ፈለገ። ያሰበው ደግሞ ሆነለት፤ ሁለቱም ጊዜ የመጀመሪያው ኳስ ተሳተ። የቅያሬው ዋጋ ሪባውንድ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ከፈለ።

እንግዲህ ክርክሩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቅያሬ እከላከልለታለሁ። በአምስት እየመራህ ሶስት ነጥብ መዝጋት ያስኬዳል። ሁለተኛው ላይ ግን አልከተለውም። ከሴኮንዶች በፊት ሪባውንድ ተነጥቀህ፣ እነዚያኑ አምስት ሰዎች መድገም? ጋሼ ደግሞ «አንዱ ስለተነጠቀ ዕቅድህን ከቀየርክ አሰልጣኝ ሳትሆን ደጋፊ ነህ» ይላሉ። ሌላው ጓደኛችን ሁለታችንንም ትቶ «በሶስት እየመሩ ለምን ፋውል አልሠሩም? ሁለት ፍሪ ስሮው እኩል አያደርግም» የሚል አቋም ይዟል። ሶስታችንም ስለ ውሳኔው እንጂ ስለ ሬይ አለን አይደለም የምናወራው።

ይህን ልማድ ለማስያዝ አንድ ዘዴ አለን። ታይም አውት ሲጠራ፣ ማስታወቂያው እየሄደ፣ እያንዳንዱ ሰው ማንን እንደሚያስገባ ጮክ ብሎ ይናገራል። ያልተናገረ ሰው በኋላ «ብዬ ነበር» ማለት አይችልም። ዘዴው ከመጣ ወዲህ የነቢያት ቁጥር በጣም ቀንሷል።

መስመራችሁን ቀድማችሁ አስምሩ

ቲቦዶ ላይ የሚነሱ ሁለት የቆዩ ክሶች አሉ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያስቃሉ።

አንደኛው ቺካጎ ቡልስን ሲያሰለጥን የመጣ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 2012፣ ቡልስ ከፊላደልፊያ ጋር፣ የፕሌይ ኦፍ (የጥሎ ማለፍ) የመጀመሪያ ጨዋታ። ቡልስ በ12 ነጥብ ይመራል፤ የቀረው 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኤም ቪ ፒ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች) የነበረው ደሪክ ሮዝ ግን አሁንም ሜዳ ላይ ነው። ዘሎ ሲያርፍ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቀጣዩን ሲዝን ሙሉ አልተጫወተም። «ጨዋታው አልቆ ለምን አላስወጣውም?» የሚለው ጥያቄ ቲቦዶን የትም ቢሄድ ይከተለዋል።

ሁለተኛውን እኔው ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ሜይ 21 ቀን 2025፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ኒክስ ከኢንዲያና ፔሰርስ፣ የምሥራቅ ኮንፈረንስ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ። 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሲቀር ኒክስ በ14 ይመራል። ቤታችን ውስጥ ሻይ ተጠርቶ ነበር። የፔሰርሱ አሮን ኔስሚዝ የሚወረውረው ሁሉ ይገባል፤ በአራተኛው ሩብ ብቻ ስድስት ሶስት ነጥብ። ታውንስም አኑኖቢም ከሁለት ፍሪ ስሮው አንዳንድ ሳቱ። መጨረሻ ላይ የፔሰርሱ ሃሊበርተን የወረወራት ኳስ ብረቱን መትታ ወደ ላይ ነጠረች፤ ቆየች፤ ቆየች፤ ተመልሳ ገባች። እግሩ መስመሩን ረግጦ ስለነበር ሁለት ነጥብ ሆነች እንጂ እዚያው ባለቀ። 125 እኩል። በተጨማሪ ሰዓት 138 ለ 135 ተሸነፍን። ሻዩን የጠጣው የለም።

አያችሁ? በ12 ስትመራ ኮከብህን አላስወጣህም ተብሎ የተወቀሰ ሰው፣ በ14 ሲመራ ኮከቦቹ ሜዳ ላይ እያሉ ተበላ። ታዲያ «ጨዋታው አልቋል» የሚባለው መቼ ነው? መስመሩን ቀድማችሁ ካላሰመራችሁ ሁለቱንም ጊዜ ትወቅሱታላችሁ።

የእኔን መስመር ልንገራችሁ። ነጥቡን ብቻ አላይም፤ ተጋጣሚው ስንት ጊዜ ኳስ ሊይዝ እንደሚችል ከሰዓቱ ጋር አያለሁ። በ82 ሰከንድ 12 ነጥብ ለመድረስ ምንም ሳይገባብህ አራት ሶስት ነጥብ ማስቆጠር አለብህ። በ171 ሰከንድ 14 ለመድረስ ግን ጊዜው ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሮዝ መውጣት ነበረበት ባይ ነኝ፤ በኢንዲያናው ማታ ግን ብራንሰንን ማስቀመጥ እብደት ነበር። ለቲቦዶ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሮዝ የተጎዳው ማንም ሳይነካው ነው። በመጀመሪያው ሩብም ሊሆን ይችል ነበር።

ኳሷን ተዉአት

ስለ ታክቲክ ማውራት ከፈለጋችሁ ለአንድ ሩብ ብቻ ኳሷን አትከተሉ። ስክሪን የሚመጣለትን ተከላካይ እዩ። ፔሰርሶች ደጋግመው ሲያደርጉት የነበረው ብራንሰንንና ታውንስን ፒክ ኤንድ ሮል (ስክሪን ሠርቶ ወደ ቀለበቱ መሮጥ) ውስጥ መጎተት ነው፤ ከአምስቱ በመከላከል ደካማዎቹ እነሱ ናቸው። በዚያች ቅጽበት ረጅሙ ሰው የት ቆመ? ወደ ቀለበቱ ካፈገፈገ «ድሮፕ» ነው፤ ሌይ አፕ (ከቀለበቱ ሥር የሚገባ ኳስ) ይዘጋል፣ ከሩቅ የሚወረውረውን ይለቃል። ሰው ከተቀያየሩ «ስዊች» ነው፤ ተኳሹን ይዘጋል፣ ግን ታውንስ ከሃሊበርተን ጋር ብቻውን ይቀራል። ሁሉም መከላከል አንድ ቦታ ክፍት ይተዋል። «መከላከል አያውቅም» ከማለት «ኔስሚዝን ለምን ለቀቀው፣ በምትኩስ ምን ዘጋ?» ማለት ሰው ያወያያል።

ታይም አውት ላይ ብዙ አልቆይም። አሰልጣኝ በአንድ ጨዋታ ያለው ሰባት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሶስት ደቂቃዎች ከሁለት በላይ አይጠራም። ቻሌንጅ (የዳኛው ውሳኔ እንደገና ይታይልኝ ማለት) የሚያደርገውም ታይም አውት ካለው ነው፤ ከተሳሳተ ታይም አውቱ ይቃጠልበታል። ስለዚህ «ለምን አልጠራም» ከማለታችሁ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ ስንት እንደቀረው እዩ። ደግሞ ታይም አውት ተጋጣሚንም ያሳርፋል። ታዋቂው አሰልጣኝ ፊል ጃክሰን ቡድኑ ሲመታ እጁን አጣጥፎ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲወጡት ይተዋቸው እንደነበር ሁሉም ያውቃል። አስራ አንድ ዋንጫ ስላለው ማንም አልሰደበውም።

ቅያሬን ስታሞግሱም ተጠንቀቁ። በዚያው የኢንዲያና ተከታታይ ጨዋታ ፔሰርስ 2 ለ 0 ሲመራን፣ ቲቦዶ በሶስተኛው ጨዋታ ሃርትን ቤንች አድርጎ ሮቢንሰንን በቋሚ አስገባ። 106 ለ 100 አሸነፍን። ቤቱ በሙሉ «አላልኩም!» ሆነ። ግን ኒክስ በዚያ ጨዋታ እስከ 20 ነጥብ ተመርቶ ነበር፤ ያውም በመጀመሪያው አጋማሽ። ያወጣን ታውንስ በአራተኛው ሩብ ያስቆጠረው 20 ነጥብ ነው። አዲሱ አሰላለፍ ጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ያ ውጤት ብቻ ከሆነ አይበቃም። ሮቢንሰን ሜዳ ላይ በነበረባቸው ደቂቃዎች ምን እንደሆነ መመልከት ነበረብን። እኛ ግን እየጨፈርን ነበር።

«ይባረር» ለማለት

ከሁሉ የሚቀለው ቃል ይኼ ነው። ቲቦዶ በ2024-25 ሲዝን 51 ጨዋታ አሸነፈ፤ ኒክስን ከ2000 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ አደረሰ። በስድስት ጨዋታ ተሸነፈ። ከቀናት በኋላ፣ ጁን 3፣ ተባረረ። ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ደቂቃ ማከፋፈል የማይችል ሰው ከዚህ አያልፍም» አለ። ግማሹ «25 ዓመት ስንጠብቅ ያደረሰንን ሰው?» አለ። ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር ነበረው።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ኒክስ ሌላ ቡድን ጋር ሥራ ላይ ያሉ አሰልጣኞችን ለማናገር ፈቃድ ሲጠይቅ አንዱም ሌላውም እምቢ አለው። በመጨረሻ፣ ጁላይ ላይ፣ ማይክ ብራውንን ቀጠረ። ብራውን ጥሩ አሰልጣኝ ነው። ግን «ይባረር» ሲሉ ከነበሩት የእኛ ሰዎች መካከል ስሙን ቀድሞ የጠራ አንድም አልነበረም።

ስለዚህ አሁን ደንብ አለን። «ይባረር» ያለ ሰው የሚተካውን ሰው ስም ይናገራል፤ የተጠራው ሰው ደግሞ ሥራ የሌለው መሆን አለበት። ማስታወቂያው እስኪያልቅ ጊዜ አለው። ካላገኘ ተነስቶ ሻይ ያፈላል።