ሊሻን ተራራን ከላይ ወደ ታች ጎብኙት

ይሄን የምጽፈው ከጅማ ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ ቻይና፣ ሺያን ለምትሄዱ ነው። ሁላችሁም የሸክላ ወታደሮቹ ጋ ፎቶ ተነስታችሁ ትመለሳላችሁ፤ እዚያው አጠገብ ያለውን ተራራ ግን ዞር ብላችሁ አታዩትም።

ሊሻን ይባላል። ከሺያን በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ፈረስ ይመስላል፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይላሉ። ከፍታው 1,302 ሜትር ነው። አዎ፣ ጫፉ ላይ ወጥታችሁ እንኳ ከጅማ መርካቶ በታች ናችሁ! ስለዚህ "ትንፋሽ አጠረኝ" የሚል ሰበብ አይሠራም።

በሜትሮ 9ኛ መስመር ሁዋቺንግ ቺ ጣቢያ ውረዱ። ፓስፖርት ያዙ፣ ለትኬት ይጠይቋችኋል። ብዙ ሰው ከታች፣ ከፍል ውሃው ይጀምርና ሽቅብ ሲወጣ ይደክመዋል። እናንተ ገልብጡት፤ በኬብል ካር ወጥታችሁ በእግር ውረዱ።

ላይ የምልክት እሳት ማማው አለ። የጥንቱ የዡ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ዮው ፈገግ የማትለውን ውዱን ባኦ ሲን ለማሳቅ ብሎ ጠላት ሳይመጣ እሳት አስነደደ አሉ። መሳፍንቱ ጦራቸውን አስከትለው እያለከለኩ ሲደርሱ ምንም የለም፣ እሷም ሳቀች። ጣመውና ደጋገመው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ771 ጠላት የምር ሲመጣ ማን ይድረስለት? ተገደለ። "ጅብ መጣ" እያለ ሲቀልድ የተበላው እረኛ ማለት ነው፣ ይሄኛው ዘውድ ከመድፋቱ በቀር። የታሪክ ሰዎች የእሳቷን ነገር ይጠራጠሯታል፤ ንጉሡ መገደሉ ግን እውነት ነው።

ዝቅ ስትሉ የላኦሙ ቤተ መቅደስ ይመጣል። ላኦሙን ከአፈ ታሪኳ አምላክ ከኑዋ ጋር አንድ ናት የሚሉ አሉ፤ ሰውን ከጭቃ የሠራችው፣ የተቀደደውን ሰማይ ባለ አምስት ቀለም ድንጋይ አቅልጣ የጠገነችው። ጫማ ማውለቅ የለም። ግን የበሩን ደፍ እንዳትረግጡ፣ ተሻግራችሁት ግቡ። የሚጸልይ ሰው ፊት ካሜራ አትደግኑ። ቀጥሎ ያለው የታኦ እምነት ጠቢብ የላኦዙ አዳራሽ ነው፤ የታንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት "የእሱ ዘር ነን" ይሉ ነበር። እሱን ቶሎ አይታችሁ እለፉ።

ወደ ግርጌው ስትቃረቡ ያኔ የቻይና መሪ የነበረው ቺያንግ ካይሼክ የተያዘበት ቦታ አለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. የገዛ ጄኔራሎቹ ከጃፓን ጋር እንዲዋጋ ሊያስገድዱት መጡበት። በሌሊት ልብሱ በመስኮት ዘሎ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን እንኳ ሳይዝ ሽቅብ ሸሸ። ዓለት ስንጥቅ ውስጥ አገኙት። ያደረበት ቤት ታች ነው፣ የጥይቱን ምልክት ፈልጉት።

መጨረሻ ላይ ፍል ውሃው። የሸክላ ወታደሮቹን ያሠራው የቻይና የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ቺን ሽ ሁዋንግ እዚህ አንዷን አምላክ ሲለክፍ ፊቱ ላይ ተፋችበት፣ ቁስል ወጣበት፣ ይቅርታ ሲለምን በምንጩ ውሃ አጥባ አዳነችው ይባላል። የታንግ ንጉሥ ውድ የነበረችው የያንግ ጉዌይፌይ የአበባ ቅርጽ ያለው የድንጋይ ገንዳ ግን ዛሬ ደረቅ ነው፤ ፎጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። መታጠብ ያማረው ሰው ተራራው ግርጌ ባለው ሊንቶንግ ከተማ ውስጥ ፍል ውሃ ያለው ሆቴል ይፈልግ። ውሃው ከምድር ሲወጣ 43 ዲግሪ ገደማ ነው። እጃችሁን ስትነክሩበት የወሊሶው ትዝ ይላችኋል።

በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት ግን ዝር እንዳትሉ። የቻይና በዓል ነው፣ ተራራውን ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዩት።