ስልኩ ውስጥ ስለከረረ ብቸኛ ሰው ፊልም ስትሠሩ የሚበላሹ ነገሮች

አንድ ብቸኛ ወንድ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የፖለቲካ ግሩፕ፣ መጨረሻው ደም። በዚህ ርዕስ የሚመጣ ስክሪፕት በዝቷል፤ ሐዋሳ ላይ ሊቀረጽ የሚታሰበውም ጥቂት አይደለም። ርዕሱ መልካም ነው፣ ጊዜውም ነው። የሚያናድደው ስህተቶቹ ከስክሪፕት ስክሪፕት አለመለወጣቸው ነው። ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት እነዚህን እዩልኝ።

ጥላቻው ቀድሞ አፉን ይከፍታል

ገጽ 8 ላይ ሰውዬው ስልኩን ይከፍታል። አንድ የተቆጣ ሰው ይጮኻል። የኛ ሰው ጥርሱን ያፋጫል። ገጽ 15 ላይ አክራሪ ሆኗል። ተው እንጂ! ሰው በጩኸት ብቻ የሚሳብ ቢሆን የመናኸሪያ ረዳት ሁሉ ፓርቲ ይመሠርት ነበር።

ብቸኛን ሰው የሚወስደው «ዛሬ ጠፋህ፣ ደህና ነህ?» የሚል መልእክት ነው። ስለ አክራሪነት ብዙ የጻፈው የሥነ ልቦና ምሁር አሪ ክሩግላንስኪ የነገሩን ሥር የሚያገኘው ሰው «ቁም ነገር ነኝ» ለማለት በሚያደርገው ፍለጋ ውስጥ ነው። የተናቀ ወይም የተዋረደ ሰው ክብሩን የሚመልስለት ነገር ይፈልጋል፤ ለምን እንደተናቀ የሚያስረዳ ታሪክና የሚያጨበጭብለት ቡድን ሲያገኝ ይከተላል። ጸሐፊዎቻችን ግን ጥላቻውን አጥርተው ይጽፉና ፍቅሩን ይረሱታል። ፍቅሩ ከሌለ ተመልካቹ «እኔ ብሆን አልታለልም» ብሎ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ፊልሙ እዚያው አለቀ።

እንዲህ አድርጉ። ከግሩፑ ወደ ሰውዬው የሚመጡትን የመጀመሪያ አምስት መልእክቶች ለብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዱም ፖለቲካ እንዳይነካ። የመጀመሪያው ቀልድ ይሁን፤ በፊልሙ ውስጥ ሲስቅ የምናየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሁን። ሁለተኛው እሱ ለጻፋት አንዲት መስመር የመጡ ሦስት ልቦች። ሦስተኛው በስሙ የሚጠራው ሰው። አራተኛው የ40 ሰከንድ የድምፅ መልእክት፤ «ወንድሜ፣ ትናንት ያልካትን ነገር ለልጆቹ አነበብኩላቸው»። አምስተኛው የእናቱን ሕመም የሚጠይቅ። ስድስተኛው ላይ ቁጣው ሲመጣ ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ሌላው መሣሪያችሁ ቋንቋው ነው። አማርኛ ለዚህ ታሪክ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሰውዬው መጀመሪያ «ሥራው አልተሳካልኝም» ይበል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለዚያው ሥራ «ከለከሉኝ» ይበል። ከዚያ «ወሰዱብኝ»። ወደ መጨረሻው «ወሰዱብን»። ማንም ያላደረገው ነገር አድራጊ አገኘ፤ አንድ ሰው ላይ የደረሰውም የብዙዎች ቁስል ሆነ። ከ«ብኝ» እስከ «ብን» ያለችው መንገድ ሙሉ ፊልም ናት። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ መጥራት እንኳ አያስፈልግም፤ ግሱ ውስጥ ተሸሽገዋል። ስክሪፕቱን ስትጨርሱ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ንግግር ብቻ ለይታችሁ አትሙና እነዚህን ቅጥያዎች በቀለም አስምሩባቸው። «ብን» ገጽ 20 ላይ ብቅ ካለች ቸኩላችኋል።

መልማዩን በቅላጼ መለየት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። መልማዩ፣ ማለትም ሰውዬውን ወደ ግሩፑ የሚስበው፣ አፉን በከፈተ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተመልካቹ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይገምታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ ስለ ብቸኝነት መሆኑ ቀርቶ ስለ አንድ ብሔር ይሆናል። ልትኮንኑት የተነሣችሁትን ነገር ራሳችሁ ሠራችሁት ማለት ነው። ሐዋሳ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ባጃጅ ውስጥ የሚሰሙባት ከተማ ናት። እነዚህን ቋንቋዎች ለዓሣ ድርድር፣ ለቀልድ፣ ከእናት ለሚመጣ ስልክ ስጧቸው። ለክፉው ሰው ብቻ የተቀመጠ ቋንቋ ፊልማችሁ ውስጥ ካለ ስክሪፕቱን መልሱት።

ለመልማዩ የምትፈልጉት የሬዲዮ አቅራቢ ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል። ፊቱ ባይታይ ይመረጣል። ድምፁን በጥሩ ማይክ ቀድታችሁ በኋላ በኤዲቲንግ የስልክ ለማስመሰል አትድከሙ። በስልክ ቅዱት፣ በቴሌግራም ላኩት፣ የደረሰውን ፋይል ተጠቀሙ። በስልኩ ስፒከር ሲሰማው ሳሳ ይበል፤ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው ሞልቶ ይምጣ፣ የክፍሉም ድምፅ ይጥፋ። ተመልካቹ ሰውዬው ምን ያህል እንደገባበት የሚያውቀው በዚህ ነው።

ባዶ ክፍል

የተዘጋ መጋረጃ፣ የተከመረ ሳህን፣ ጨለማ። ይሄ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ብቸኝነት ነው። የኛ ሰው የሚኖረው ግቢ ውስጥ በተከራያት አንድ ክፍል ነው፤ ቧንቧውም መጸዳጃውም የጋራ። በቀን ስንት ጊዜ ሰላም ይባላል! ብቸኝነቱ ያለው እዚያው ሰላምታው ውስጥ ነው፤ «ደህና አደርክ?» ብላ መልሱን ሳትሰማ የምታልፍ ጎረቤት ውስጥ።

በቡና ለኩት። መጀመሪያ አካባቢ አከራዩዋ ሲጠሩት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም ይጠጣል፤ ወሬው ግን እሱን ዘሎ ይዞራል። በሁለተኛው ቡና ቶና ላይ ይነሣል። በሦስተኛው አቦሉን ስልኩን እያየ ይጨርሳል። በአራተኛው «ስልክ ላይ ነኝ፣ እትዬ» የሚል ድምፅ ብቻ ከበሩ ጀርባ ይሰማል፤ ሲኒው ተቀድቶ ይቀዘቅዛል። አራት ትዕይንት፣ አንድ ሎኬሽን፣ ወጪው ቡናና ፈንዲሻ።

ሥራ አጥም አታድርጉት፣ ሰልችቷል። የሌሊት ጥበቃ ቢሆንስ? 12 ሰዓት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የሌሊት ጥቅል።

ሁሉም መተግበሪያ አንድ ይመስላቸዋል

«አልጎሪዝሙ ቴሌግራም ላይ እየመረጠ አቀረበለት» የሚል ትዕይንት ተጽፎ ይመጣል። ቴሌግራም በዋናነት እንደዚያ አይሠራም። ቲክቶክና ፌስቡክ እናንተ ያልፈለጋችሁትን ያመጡላችኋል። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የ2016 የፌስቡክ የውስጥ ሰነድ አክራሪ ግሩፖችን ከተቀላቀሉት ውስጥ 64 በመቶው በራሱ በኩባንያው የጥቆማ መሣሪያዎች በኩል እንደገቡ ይናገራል። ቴሌግራም ላይ ግን ነገሩ የሚዛመተው ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ያጠምዳል፣ ቴሌግራም ይይዛል። ቻናልና ግሩፕንም አታደባልቁ። ቻናል ላይ የሚለጥፉት አድሚኖቹ ብቻ ናቸው፤ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ይይዛል፣ ሁሉም ያወራል። ሰውዬው ከቻናል አድማጭነት ወደ ትንሽ የተዘጋ ግሩፕ የተጋበዘባት ቅጽበት የታሪኩ መታጠፊያ ናት። ብዙዎች በግማሽ ሾት ያልፏታል።

ዳታ የሚቆጥብ ሰው ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድለት አያደርግም። የደበዘዘ ምስል፣ መሐሉ ላይ ቀስት፣ ጎኑ ላይ መጠኑ። አውራ ጣቱ ቀስቷ ላይ ትቆማለች። ይንካ ወይስ አይንካ? ከዚህ የተሻለ የውሳኔ ትዕይንት ጽፋችሁ አታገኙም፤ ደግሞም በነፃ ነው።

ስክሪኑ ሲቀረጽ

በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጹ፤ ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ አይርገበገብም። የብዙ ስልኮች ስክሪን ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚታደስ ጥቁር መስመር ሲሄድበት ታያላችሁ። ሹተሩን ወደ 1/60 ስትወስዱት መስመሩ ይቀንሳል፣ በምትኩ የክፍሉ አምፖል ሊርገበገብ ይችላል። ስለዚህ ለስክሪን ሾት የግቢውን አምፖል አጥፉና በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ አብሩ። የስልኩን ብሩህነት እስከ መጨረሻ ክፈቱት፤ ብዙዎቹ ስክሪኖች ብርሃን የሚቀንሱት በፍጥነት እየጠፉ እየበሩ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ያንን ያያል። ብርሃኑ ከበዛባችሁ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጄል (ብርሃን የሚቀንስ ስስ ፕላስቲክ) ለጥፉ። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ሽንትርትር መስመር ከታየ ስልኩን ጥቂት አዘንብሉት።

አረንጓዴ ስክሪን አድርጋችሁ በኋላ እንሞላዋለን አትበሉ፤ ፊቱ አረንጓዴ ይሆናል። መልእክቶቹ የሚመጡበትን ቪዲዮ ቀድማችሁ አዘጋጁና ስልኩ ላይ ሙሉ ስክሪን አጫውቱት፤ ተዋናዩ ጣቱን አብሮ ያንቀሳቅስ። አሥር ጊዜ ይለማመድ። ፊቱን ለማብራት ትንሽ ኤልኢዲ በ5600 ኬልቪን፣ ነጭ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ከስልኩ ጀርባ። የክፍሉ አምፖል 3200 ገደማ ከሆነ የካሜራውን ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) 4300 ላይ አስቀምጡ፤ ክፍሉ ይሞቃል፣ ፊቱ ይቀዘቅዛል።

አንድ ሾት ላይ አንድ መልእክት፣ ከአሥር ቃል ያልበለጠ። ከቡድናችሁ ዘገምተኛው አንባቢ ሁለት ጊዜ እስኪያነበው ድረስ አትቁረጡ። መልእክቶቹንም እንደ ጋዜጣ አርእስት አትጻፏቸው፤ ወጣቱ አማርኛን በላቲን ፊደል ጭምር ነው የሚጽፈው፣ አራት ነጥብ የሚያደርግም የለም።

ሰዓቱን ደግሞ ልብ በሉ! ተዋናዩ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ» ሲል ስልኩ 02:00 ማለት አለበት። ስክሪኑን የሚሠራው ልጅ 8:00 ይጽፍና ትዕይንቱ የቁርስ ሰዓት ይሆናል። የባትሪውን መቶኛም ኮንቲኒዩቲ (ከሾት ሾት ነገሮች እንዳይለዋወጡ) የሚይዘው ሰው ይመዝግብ።

ያየ ሁሉ ይከርራል

የሥነ ልቦና ምሁሩ ፋታሊ ሞጋዳም በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ሽብር የሚወስደውን መንገድ በፎቅ መስሎታል፤ ምድር ቤትና ከላዩ አምስት ፎቆች። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ደረጃው ይጠብባል፣ የሚወጣውም ሰው ያንሳል፤ አብዛኛው ተበደልኩ ባይ ምድር ቤት ይቀራል። ጸሐፊዎቻችን ፎቁን ይወዱታል፣ ምድር ቤቱን ይረሱታል። ያንኑ ቪዲዮ አይቶ፣ ያንኑ ግሩፕ ገብቶ፣ ሰልችቶት የወጣ አንድ ሰው አስገቡ። ባጃጅ የሚነዳ የድሮ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ምክር አይስጥ፤ «እኔማ ዳታዬን በላብኝ፣ ወጣሁ» ይበልና ይሂድ።

የሠራችሁት ፖስት ከእጃችሁ ያመልጣል

ለፊልሙ የፈጠራችሁት የጥላቻ ጽሑፍ ከቀረጻው በፎቶ ወጥቶ እውነተኛ ተመስሎ ቢዞርስ? አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥበብ ሥራን ከጥላቻ ንግግር ክልከላው ውጪ ያደርጋል። ሆኖም ተቆርጣ የወጣች ምስል «ፊልም ነኝ» አትልም። በአዋጁ የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ስለዚህ፦ የቴሌግራም ግሩፑን በእውነት አትክፈቱ፤ ለትዕይንቱ የምትጠቀሙባቸው ስልኮች አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁኑ፤ የእውነተኛ ፓርቲ ዓርማ፣ የእውነተኛ ሰው ፎቶ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር አይታይ፤ በእያንዳንዱ የሐሰት ፖስት ላይ የፈጠራ ቻናሉ ስም ተቆርጦ በማይወጣበት ቦታ፣ ጽሑፉ መሐል ላይ ይቀመጥ። ቀረጻው ሲያልቅ ስልኮቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጥፋ፣ ፎቶ ያነሳም ይጠየቅ።

ትናንሾቹን በአንድ ትንፋሽ፦ በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር አትቅረጹ፣ ዝናቡ ሲጀምር ቀኑ አለቀ። የየክፍሉን ጸጥታ ቢያንስ 30 ሰከንድ ሳትቀዱ አትውጡ። በድሮን የታቦርን ተራራና ሐይቁን አሳይቶ መክፈት ለዚህ ፊልም ምንም አይሠራም፣ ፈቃድም ይጠይቃል። ሐይቁን ከፈለጋችሁት ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶት ስልኩን ይይ። ፀሐይ እዚያ ስትጠልቅ ድንግዝግዙ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ሁለት ሾት እንጂ አምስት አታቅዱ። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል በጠዋት ለዓይን ግሩም ነው፣ ለድምፅ ግን መከራ፤ ንግግሩን ሌላ ቦታ ቅረጹ።

እናት ስታለቅስ፣ ፖሊስ ሲገባ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቅስ ሲወጣ የሚያልቅ መጨረሻ? ሦስቱንም ሰርዙ።

የመጀመሪያው ቅንብር ሲያልቅ ከፊልሙ ሥራ ጋር ለማይገናኙ አሥር ወጣት ወንዶች አሳዩት። «አስተማረህ ወይ?» አትበሉ፤ ለእንግዳ የሚሰጠውን መልስ ነው የምታገኙት። በሦስተኛው ቀን ደውላችሁ ከፊልሙ የሚያስታውሱትን አንድ ንግግር ጠይቁ። «ዛሬ ጠፋህ» የምትለዋን ካነሡ ደህና ናችሁ። የመልማዩን መፈክር በቃሉ የሚወጣላችሁ አንድ ልጅ እንኳ ካለ ኤዲቲንጉን ክፈቱና ያቺን መፈክር ቁረጧት፤ ሰውዬው ሲሰማት ፊቱን እንይ እንጂ እኛ አንስማት።