ከኮንቱር በተሠራ ቲን ላይ ውሃው መሄጃ ሲያጣ

ከኮንቱር መስመር (በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኘው መስመር) ቲን፣ ማለትም የመሬቱን ገጽ በተያያዙ ሦስት ማዕዘኖች የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርታችሁ ተፋሰስ ስታወጡ ጅረቱ መሃል ላይ ቁርጥርጥ እያለ አስቸገራችሁ? ተዳፋቱን በቀለም አውጡና ሸለቆዎቹን ተመልከቱ። ተዳፋታቸው ዜሮ የሆነ ሦስት ማዕዘኖች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ሦስቱም ጫፎቻቸው ያረፉት አንድ ኮንቱር ላይ ነው፤ ለምሳሌ ሦስቱም 1840 ሜትር።

ሦስት ማዕዘኖቹን የሚሠራው ስሌት፣ የደሎኔ አሠራር የሚባለው፣ ነጥቦችን ሲያገናኝ ከፍታ አያይም፤ የሚያየው የአግድም አቀማመጣቸውን ብቻ ነው። ኮንቱሩ ሸለቆው ጋ ሲታጠፍ ከወዲህና ከወዲያ ያሉት ነጥቦች ስለሚቀራረቡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሸለቆው ሜዳ ይሆናል፤ ውሃውም አቅጣጫ ያጣል።

መፍትሔው የጅረቱን መስመር ብሬክላይን (የሦስት ማዕዘኖቹ ጎን የማያቋርጠው፣ ተከትሎት የሚሄድ መስመር) አድርጎ ማስገባት ነው። ኮንቱር በሚያቋርጥበት ቦታ የኮንቱሩን ከፍታ ስጡት፤ በመሃል ያሉትን ነጥቦች እንደ ርቀታቸው አከፋፍሉ። ታዲያ መስመሩ እስከ መጨረሻው እየወረደ መሄዱን ሳታረጋግጡ እንዳታልፉ! አንዲት ነጥብ እንኳ ቀና ካለች ግድብ ሆና ውሃ ታቁራለች። ሸንተረሩንም እንዲሁ አስገቡ፤ የተፋሰሱ ወሰን የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው።

ሐይቅ ላይ ያለውን ሜዳ ግን አትንኩት፤ እሱ እውነተኛ ነው። ክብ ብሎ የሚወርድ ለስላሳ ኮረብታ ላይም ብሬክላይን አታስምሩ፤ መሬቱ ላይ የሌለ እጥፋት ይፈጥራል።