የበዓል ሰሞን የምርመራ ልብወለድ ስትጽፉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ትንሽ ከተማ፣ አንድ በዓል፣ አንድ ወንጀል፣ ፖሊስ ያልሆነች አንዲት ጠያቂ ሴት። ፈረንጆቹ ኮዚ ሚስትሪ የሚሉት ይህ የልብወለድ ዓይነት እኛም ዘንድ ጸሐፊ እያገኘ ነው። ደስ ይለኛል። ረቂቃቸውን የሚልኩልኝ ልጆች ሰው ያውቃሉ፣ የሰፈር ወሬ እንዴት እንደሚዞር ያውቃሉ። ግን አንድ ዓይነት ስህተት ደጋግሜ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ በዓሉ ጌጥ ብቻ ሲሆን ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ የዶሮ ወጡ ሽታ ሰፈሩን ሞልቶታል። ከዚያ ሰው ይሞታል። ከዚያ ወዲያ በዓል የሚባል ነገር የለም። ገና የነበረውን ቀን ተራ ማክሰኞ ብታደርጉት አንድ መስመር አይለወጥም። ታዲያ ለምን በገና አደረጋችሁት? በዓል እኮ ሰው የሚያደርገውን ይለውጣል። የተኳረፈ ይታረቃል፣ ርቆ የሄደ ይመለሳል፣ ሁሌ ዝግ የሆነ በር ይከፈታል። ወንጀለኛው ሊጠቀምበት የሚገባው ይህንን ነው፤ መያዝ ያለበትም በዚሁ ነው።

ገናን እንይ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ዱላ ይዞ ሩሯን ያሳድዳል፤ ቅልጥሙን የተመታ ሰው ቂም አይዝም። አሁን አንድ ሰው ሜዳው ላይ በዱላ ተመቶ ወደቀና ቀረ እንበል። ከተማው በሙሉ «ጨዋታ ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል። ሽማግሌ መሃል ይገባል። አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ፣ ከሱቋ ደጃፍ ሆና ስታይ የነበረች፣ ሰውየው ሲመታ ሩሯ በሜዳው በሌላኛው ጫፍ እንደነበረች ታስታውሳለች። ይህ ታሪክ ከገና ቀን ውጭ ሊሆን አይችልም። የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው!

ጥምቀትም እንዲሁ ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ታቦቱ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ሕዝቡም አብሮ ይወርዳል፤ ቤቱ ባዶ ነው። የዓይን እማኙ «ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት አየሁ» ቢል በዚያን ቀን ምን ዋጋ አለው? መስቀል ደግሞ አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ የማይገባ ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። የዓመት ቂም፣ የመሬት ክርክር፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛል። ክፉንም ደጉንም አንድ ላይ የሚሰበስብላችሁ በዓል እያለ ሰዎቹን ለመሰብሰብ የውርስ ደብዳቤ መፈብረክ ምን አስፈለገ?

አንዲት ጎበዝ ልጅ የላከችልኝ ረቂቅ ላይ ቅርጫ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። «ቅርጫው ተከፋፈለ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።» ልቤ ነው ያዘነው። ቅርጫ እንዴት እንደሚከፋፈል አስቡት። ጎረቤቱ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይሰጣል፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የእንጨት ስባሪ። የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ቁልፍህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። የልጅቷ ታሪክ ውስጥ የጠፋ ሰው አለ፤ ሚስቱ «ትናንት አዲስ አበባ ሄዷል» ትላለች። በስልክ ደወልኩላትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦ ጠዋት መደቡ ላይ የሰውየው ቁልፍ ቢገኝስ? ትናንት ከሄደ ዛሬ ማን ሰጠው? ጥቂት ዝም ብላ «ጋሼ፣ በቃ ገባኝ» አለች። ቀጥሎ የላከችው ረቂቅ ሌላ መጽሐፍ ነበር።

ጾምን መርሳት። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። እና ዋዜማ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዶሮ ወጥ ሲበላ፣ አባወራው መርዝ ቀምሶ ሲወድቅ አነባለሁ። በዋዜማ ማን ዶሮ ይበላል? የሚያሳዝነው ደግሞ እዚያው ጾሙ ውስጥ የተሻለ ታሪክ መኖሩ ነው። ዶሮው የሚሠራው በጾም ነው፤ ስለዚህ የምትሠራው ሴት አትቀምሰውም። ጨዉን የሚቀምስላት ትንሽ ልጅ ትጠራለች፣ አለዚያም ሽታውን ብቻ አሽትታ ትገምታለች። ድስቱ ውስጥ የገባ ነገር ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁሉም መሶቡን እስኪከብ ድረስ አይታወቅም ማለት ነው። እና የዚያን ዕለት ልጁ ለምን አልተጠራም? አያችሁ፣ መርማሪዋ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ልጁን ነው።

ሰዓትና ቀን። ከውጭ ልብወለድ ስትቀዱ የሰዓት አቆጣጠራችንን የስድስት ሰዓት ልዩነት አትርሱ። «ከሌሊቱ 12 ሰዓት፣ ድቅድቅ ጨለማ» የሚል አይቻለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ያ ሊነጋ ሲል ነው፣ ወፍ ይንጫጫል። ተጠርጣሪው በዚያ ሰዓት የት ነበር የሚለው ጥያቄ ላይ የቆመ ታሪክ በዚህ አንድ ቁጥር ይፈርሳል። ገናም ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 አይውልም፤ በዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 28 ነው የዋለው። ዓመት ከጠቀሳችሁ አረጋግጡ።

በረዶና ጭስ ማውጫ ያለበት ገና አትላኩልኝ። የእኛ ታኅሣሥ ውርጭ አለው፣ አውድማ አለው።

ላሊበላን ለገና መምረጥ ያጓጓል፤ ይገባኛል። ግን በገና ላሊበላ ከየአገሩ በመጣ ምእመን ይጨናነቃል። ይህ ዓይነቱ ታሪክ ደግሞ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ቦታ ይፈልጋል። እንግዳ ከበዛ አንባቢው «ከመጡት አንዱ ነዋ» ብሎ ይገላገላል። ደብረ ሲናን አስቡ፣ ሐይቅን አስቡ።

ለቅሶን መዝለል። ይህም ከልብ ያሳዝነኛል። ሰው ቡሄ ዋዜማ ሞቶ በማግስቱ እዚያው ሰፈር ሆያ ሆዬ ይጨፈራል፤ ድንኳን የለ፣ ሠልስት የለ። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሱቅ ይዘጋል። ደግሞም ለመርማሪዋ ከለቅሶ ቤት የተሻለ ቦታ የትም የለም። ማን ቀድሞ ደረሰ? ማን ከሚገባው በላይ አለቀሰ? እድሩ ቀሪ ይመዘግባል፤ ማን ቀረ? በበዓል ሰሞን ደግሞ መርዶ ይደበቃል። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ሰው ብቻ ሳያውቅ በዓሉን ያሳልፋል። ከዚህ በላይ ምን ውጥረት ትፈልጋላችሁ? ሞቱ ከከበዳችሁ ማንንም አትግደሉ፦ የእድሩ ገንዘብ ይጥፋ፣ የቅርጫው በሬ ይሰረቅ።

ደም አታብዙ። አንባቢው ቡናውን እየጠጣ ነው የሚያነበው።

መርማሪዋ ለምን ይነገራታል? ኢንስፔክተሩ ፋይሉን ከፍቶ «እሜቴ፣ እስቲ ይዩልኝ» የሚላት ከሆነ አላምናችሁም። ፖሊሱንም ደደብ አታድርጉት፤ እሱ የማያገኘው እሷ ግን ያላት ነገር ይኑር። ባለ ሱቅ ከሆነች የዱቤ ደብተር አላት፤ የበዓል ሰሞን ማን ምን ወሰደ፣ ማን ድንገት ዕዳውን በሙሉ ከፈለ፣ እዚያ ተጽፏል። የእድር ጸሐፊ ከሆነች መዝገቡ እጇ ላይ ነው። ሥራዋ ራሱ መርምሪ መርምሪ ይበላት።

ተጠርጣሪዎቹን አለሙ፣ አለምነህ፣ አለማየሁ ብላችሁ አትሰይሙ። በምን እንለያቸው?

ፍንጭ መደበቅ። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለምርመራ ልብወለድ ባወጣቸው 10 ደንቦች ውስጥ አንዱ ይህ ነው፦ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢውም ወዲያው ማየት አለበት። «እትዬ ከመሬቱ አንድ ነገር አነሡና ፈገግ ብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት» ብሎ ምዕራፍ መዝጋት ግን ማታለል ነው። ምን እንዳነሡ ንገሩን። መደበቅ ከፈለጋችሁ በግርግሩ መሃል ደብቁት፤ ቁልፉን ከሳንቲሙና ከእንጨቱ ጋር ቆጥራችሁ እለፉ፣ ወዲያው ሁለት ጎረቤታሞች በመደቡ ይጣሉ። አንባቢው ጠቡን ሲያይ ቁልፉን ይረሳል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ገልጦ ሲያየው እዚያው ያገኘዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ወንጀለኛው መርማሪዋ አፍጥጣ ስላየችው ብቻ እግሯ ላይ ወድቆ አይናዘዝ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ ማጋለጥ ደንበኛ አካሄድ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እጇ ላይ የሚታይ ነገር ይኑር፦ ደብተሩ፣ ቁልፉ፣ ወይም ያ ያልተጠራው ልጅ።