የውኃ ወፎችን በመስክ ለይቶ ማወቅ፦ ከሐሮማያ ዳርቻ ለሚጀምር ሰው

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ወደ ሐረር የሚታጠፍ መንገደኛ፣ አዴሌን አልፎ ሐሮማያ ሲደርስ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ሐይቁን ያገኛል። ለሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ የኖረው ይህ ሐይቅ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሚሳበው ውኃ እንዲሁም ከተራቆተው ተዳፋት ታጥቦ በሚገባው ደለል ምክንያት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውኃው ሲመለስ የውኃ ወፎችም አብረው ተመልሰዋል። ለጀማሪ የሚመች ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም ክፍት ውኃ፣ ጭቃማ ዳርቻና የእርሻ መሬት ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ እያንዳንዱ የወፍ ወገን የትኛውን እንደሚመርጥ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ ማነጻጸር ይቻላል።

አብዛኛው ጀማሪ አንዲት ወፍ ባየ ቁጥር ቀለሟን ብቻ ይይዝና ስሟን ፍለጋ ወዲያው መጽሐፍ ወይም ስልክ ያገላብጣል። ይህ አካሄድ በአትክልት ስፍራ ወፎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ቢያዋጣም በውኃ ወፎች ላይ ብዙ አያስኬድም። ቀለም በርቀት፣ በብርሃን አቅጣጫ፣ በወፏ ዕድሜና በወቅቱ ይለዋወጣል፤ የምንቃሯ ቅርጽ፣ የእግሯ ርዝመትና የአመጋገብ ጠባይዋ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ያው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ወገኗ፣ ከዚያ መጠኗ፣ ቀጥሎ ምንቃሯና እግሯ፣ ቀለሟ ደግሞ በመጨረሻ ይታያል። ይህን ቅደም ተከተል የተለማመደ ሰው የወፏን ስም ሳያውቅ እንኳ ምን እንዳልሆነች በልበ ሙሉነት መናገር ይችላል፤ የልየታ ግማሹም ይኸው ማስወገድ ነው።

ከመሣሪያ ሁሉ የሚቀድመው ባይኖኩላር ነው። በላዩ ላይ «8 በ42» የሚል ጽሑፍ ካለው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ያመለክታል። ብዙ የሚያጎላው ይሻላል ብሎ 12 ወይም 16 ጊዜ የሚያጎላ መግዛት የተለመደ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፣ የሚታየው ስፍራም ይጠባል፤ ስለዚህ 8 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላው ይበቃል። ከመጠቀም በፊት ለዓይን ማስተካከል ያስፈልጋል፦ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ በመካከል ያለውን መዘውር በማዞር የግራው ምስል እስኪጠራ ማስተካከል፣ ከዚያ ግራ ዓይንን ጨፍኖ በቀኙ ማያ ላይ ያለውን ቀለበት በማዞር የዚያኛውን ምስል ማጥራት ነው። ይህን ሳያደርጉ ሰዓታት የሚመለከቱ ሰዎች ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ጥፋቱንም ያለ አግባብ በመሣሪያው ያላክካሉ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከውኃውና ከጭቃው ላይ የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ በዚያን ጊዜ የትናንሽ ወፎችን እግር ቀለም ለማወቅ መሞከር ድካም ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከተመልካቹ ጀርባ መሆን ይኖርባታል፤ ስለዚህ ጠዋት ከሐይቁ ምሥራቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራቡ ዳር መቆም ይገባል። ፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን ሁሉም ዳክዬ ጥቁር ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ወፎቹን በወገን መደርደር ብቻ ነው። በክፍት ውኃ ላይ የሚዋኙት ዳክዬዎች፣ ዝዮችና የውኃ ዶሮዎች ናቸው። ቀጥ ብለው ቆመው ዓሣ ወይም እንቁራሪት የሚጠባበቁት ሳቢሳዎች ናቸው። ረዘም ያለ ወፍራም ምንቃር ይዘው ረግረጉን በዝግታ እየተራመዱ የሚያስሱት ሽመላዎች ሲሆኑ፣ አባ ኮዳም ከእነርሱ ወገን ነው። በጭቃው ጠርዝ እየተሯሯጡ የሚለቅሙት ትናንሽ ወፎች ደግሞ የዳርቻ ወፎች ይባሉ። በአየር ላይ ሳሉ ሳቢሳዎች አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው አጥፈው ይበርራሉ፤ ሽመላዎች ግን፣ እንደ ሳቢሳ አንገቱን ከሚያጥፈው ከአባ ኮዳ በቀር፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይበርራሉ። ይህ አንድ ምልክት በጣም ሩቅ ባለ ጥላ ላይ እንኳ ይሠራል።

ከሳቢሳዎች መካከል ነጮቹ ብዙ ሰው ያሳስታሉ፤ ሁሉንም አንድ ወፍ አድርጎ የሚቆጥር ብዙ ነው። ከከብት እግር ሥር የማትጠፋው፣ አንገቷ አጠር ያለና ምንቃሯ ቢጫ የሆነው፣ ቁመቷ ግማሽ ሜትር የሚሆነው የከብት ሳቢሳ ናት፤ እርሷ ከውኃ ይልቅ በግጦሽ ላይ የሚነሣ ፌንጣን ትመርጣለች። ከእርሷ ጥቂት ረዘም የምትለው ትንሿ ሳቢሳ ምንቃሯና እግሯ ጥቁር ሆኖ ጣቶቿ ግን ቢጫ ናቸው፤ ከጭቃ ውስጥ እግሯን እስክታነሣ መታገሥ ብቻ ያስፈልጋል። ትልቋ ነጭ ሳቢሳ አንድ ሜትር ትጠጋለች፣ አንገቷም መካከሉ ላይ በግልጽ የተሰበረ መስሎ ይታያል። ከትልቋ ጋር የምትምታታ መካከለኛ ሳቢሳ ስላለች፣ ወፏ ቀርባ ስትታይ የአፏን መሰንጠቂያ መስመር መመልከት ነው፦ መስመሩ ከዓይኗ ኋላ ካለፈ ትልቋ ናት፤ ከዓይኗ ሥር ካበቃ መካከለኛዋ ናት። የምንቃር ቀለም እዚህ ላይ አይረዳም፤ ትልቋ ሳቢሳ በአብዛኛው ወራት ቢጫ ምንቃር ኖሯት በመራቢያ ጊዜ ምንቃሯ ይጠቁራልና።

በውኃው ላይ ጥቁር ሆና የምትታየውን ወፍ ሁሉ ዳክዬ ማለት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። መላ አካሏ ጥቁር፣ ምንቃሯና ግንባሯ ነጭ ሆኖ፣ በግንባሯ አናት ላይ በመራቢያ ወቅት ሁለት ቀያይ እብጠቶች የሚወጡባት ወፍ የውኃ ዶሮ ናት። ከእርሷ በጣም ታንሳ፣ ቡናማ መስላ፣ ጅራት የሌላት የምትመስለውና ትኩር ብለው ሲያዩአት ድንገት ጠልቃ ሌላ ቦታ የምትወጣው ደግሞ ትንሿ ጠላቂ ናት፤ በመራቢያ ላባዋ ጊዜ ጉንጯና አንገቷ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

ዳክዬዎችን በተመለከተ አስቀድሞ ቀን መቁጠሪያ ማየት ይገባል። ዓመቱን ሙሉ በአገራችን ከሚኖሩት መካከል ቢጫ ምንቃር ዳክዬና ቀይ ምንቃር ዳክዬ ለጀማሪ ይመቻሉ፤ ወንዱና ሴቷ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልካቸውም ከወር ወር ስለማይለዋወጥ። የመጀመሪያው ምንቃሩ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ከላይ ጥቁር መስመር አለው፤ ሁለተኛው ከምንቃሩ ቅላት በተጨማሪ አናቱ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጣ ያለ ነው። የግብፅ ዝይ በዓይኑ ዙሪያ ባለው ቡናማ ክብና ሲበር በሚገለጠው ሰፊ የክንፍ ነጭ ይታወቃል። እነዚህን ሦስቱን ጠንቅቆ ሳያውቁ ወደ እንግዶቹ መሄድ አያዋጣም፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘነው በእነርሱ ነውና።

እንግዶቹ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው ከመስከረም ጀምሮ የሚመጡ፣ በመጋቢትና በሚያዝያም የሚመለሱ ናቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ዳክዬዎች ከመራባት በኋላ የበረራ ላባቸውን በሙሉ ስለሚያራግፉ፣ በዚያ መብረር በማይችሉበት ጊዜ ወንዶቹ ደማቅ ላባቸውን ትተው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ፤ ወደ እኛ ሲደርሱም ብዙዎቹ ገና ይህንን ልብስ አላወለቁም። በመጽሐፍ ላይ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ ቀይ ቡናማ ሆኖ የተሣለውን ሰፊ ምንቃር ዳክዬ በጥቅምት የሚፈልግ ሰው ቡናማ መንጋ ብቻ አይቶ ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው እንደገና ወደ ቅርጽ መመለስ ነው። ሰፊ ምንቃር ዳክዬ በየትኛውም ላባ ውስጥ ሆኖ ምንቃሩ ከራሱ ይረዝማል፣ ጫፉም ይሰፋል፤ ምንቃሩን ውኃው ውስጥ አስተኝቶ እየዞረ ያጣራል። ሹል ጅራት ዳክዬ ረጅም ቀጭን አንገትና ግራጫ ምንቃር አለው፤ የሴቷም ፊት ያለ ምንም መስመር ንጹሕ ቡናማ ነው። በመጻሕፍት ጋርጋኒ የሚባለው ትንሽ ዳክዬ ደግሞ ሴቷ ጭምር በፊቷ ላይ ተፈራራቂ የነጣና የጠቆረ መስመር አላት። ወንዶቹ የታወቀውን መልካቸውን በኅዳርና በታኅሣሥ መልሰው ይይዛሉ፤ ጋርጋኒ ግን ይዘገያል፣ በዓይኑ ላይ ያለው ነጭ ቅስት ጎልቶ የሚታየው ከጥር ወዲህ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ያልተለየ መንጋ በየካቲት ቢታይ ራሱን ያስተዋውቃል።

የዳርቻ ወፎች ከዚህ ሁሉ ይከብዳሉ፤ ጀማሪው በአንድ ወቅት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ቢለይ ይበቃዋል። ረጅም ሮዝ እግር፣ ነጭ አካልና ጥቁር ክንፍ ያላት እግረ ረጅም ወፍ ከማንም ጋር አትምታታም። አናቷና ደረቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ የሆነው፣ ሰው ሲጠጋ እየጮኸች ሌሎቹን ሁሉ የምታስነሣው ባለ እሾህ ክንፍ ወፍም እንዲሁ። ትግሉ ያለው ሦስቱ ትናንሽ ቡናማ ወፎች ላይ ነው። አንደኛዋ ያለማቋረጥ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ የሆዷ ነጭ ቀለም ከክንፏ ፊት ወደ ትከሻዋ ይወጣል፣ ስትነሣም ክንፏን ባጭሩ እያርገበገበች ውኃውን ልትነካ ጥቂት በሚቀራት ከፍታ ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ጀርባዋ የጠቆረ፣ ስትበር የክንፏ ሥር ጥቁር ሆኖ የጅራቷ መነሻ ነጭ ነው፤ በአብዛኛው ብቻዋን፣ በጠባብ ጅረት ወይም በመስኖ ቦይ ትገኛለች። ሦስተኛዋም የጅራቷ መነሻ ነጭ ነው፤ ነገር ግን የክንፏ ሥር የነጣ፣ እግሯ ቢጫ ያለበትና ረዘም ያለ፣ ጀርባዋ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ፣ ከዓይኗ በላይም ግልጽ ነጭ መስመር ያላት ናት። ቆመው ሳሉ መለየት ካልተቻለ እስኪበሩ መጠበቅ ነው፤ ሲነሡ የሚያሰሙትንም ድምፅ መያዝ ይጠቅማል።

ራፍ የምትባለውን ደግሞ ለብቻዋ አነሣታለሁ፤ ምክንያቱም አዋቂዎችንም ታስቸግራለች። ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ በአንድ መንጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወፍ ያለ ይመስላል፤ የእግር ቀለማቸውም ከብርቱካናማ እስከ አረንጓዴ ይለያያል። በሁሉም ላይ የሚጸናው ግን ትንሽ ራስ፣ ረዘም ያለ አንገት፣ አጠር ብሎ ጥቂት ወደ ታች የጎበጠ ምንቃርና ጠርዛቸው የነጣ የጀርባ ላባዎች ናቸው። ማንነቷ ግራ የሚያጋባ መካከለኛ የዳርቻ ወፍ ስትታይ፣ መጀመሪያ ራፍ አለመሆኗን ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ ደጋ መውጣት አይጠበቅበትም። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ቢሆንም ከዝናብ በኋላ የሚቀሩት ኩሬዎች ጅራቷን የምታወዛውዘውን ወፍና ሐመርኮፕን የመሳሰሉትን ለመፈለግ ይበቃሉ። ሐመርኮፕ መላ አካሏ ቡናማ፣ ከራሷ ኋላ ሹል ጉትዬ ያላት፣ በዛፍ ቅርንጫፍ መካከል በጭራሮ እጅግ ግዙፍ ጣሪያ ያለው ጎጆ የምትሠራ ወፍ ናት፤ ጎጆዋ ከእርሷ ቀድሞ ይታያል። ይሁን እንጂ በበልግና በክረምት ወራት ወደ ወንዙ አሸዋ መውረድ አደገኛ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በላይኛው ተራራ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርሳል፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዳር ሆኖ መመልከት ይበቃል። በሐሮማያም ቢሆን በባዶ እግር ወደ ውኃው መግባት አይገባም፤ ቢልሃርዚያ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ይተላለፋልና።

የዳርቻው መሬት የገበሬ ማሳ ነው። ሰላምታ ሳያቀርቡና ፈቃድ ሳይጠይቁ በጫት ወይም በድንች ማሳ መካከል ባይኖኩላር ይዞ መታየት ጥርጣሬ ያስከትላል፤ በድልድይና በጥበቃ ባለበት ተቋም አቅራቢያማ ከናካቴው ባይወጣ ይሻላል። ጥቂት ኦሮምኛ መቻል ብዙ ይረዳል። መሣሪያውን ለባለ ማሳው ሰጥቶ እንዲያይበት ማድረግ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ የሚነግረው እርሱ ነው፤ የሚናገረውም ብዙውን ጊዜ ልክ ነው።

ማስታወሻ ደብተር መጽሐፍ ከመገለጡ በፊት መሞላት አለበት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የውኃው መጠን፣ ከዚያ ወፏ የት ቆማ ምን ታደርግ እንደነበር፣ መጠኗ ከእርግብ ወይም ከዶሮ ጋር ሲነጻጸር፣ የምንቃሯ ርዝመት ከራሷ ጋር ሲነጻጸር፣ በበረራ ላይ ነጩ የት እንደታየ ይጻፋል። ሥዕል መሣል የማይችል ሰውም ቢሆን ክብ ለአካል፣ ክብ ለራስ አድርጎ ምልክቶቹን በቀስት ቢያመለክት ከረጅም ጽሑፍ ይሻላል። መጽሐፉ ቀድሞ ከተገለጠ ዓይን ያላየውን ምልክት አየሁ ማለት ይጀምራል። መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ የአካባቢውን ወፎች ጥቅል አስቀድሞ በማውረድ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከደብተሩ በኋላ ቢከፈት ጠቃሚ ነው። ያልተለየችውን ወፍ «ያልታወቀች የዳርቻ ወፍ» ብሎ መመዝገብ ነውር የለውም፤ በግምት ስም የተሞላ ዝርዝር ግን ከባዶው ይከፋል።

ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ይካሄዳል፤ ወሩ የተመረጠው እንግዶቹ ወፎች ተረጋግተው በሚቆዩበት ጊዜ ስለሆነ ለተማሪም ከሁሉ የሚመቸው ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ መንጋን መቁጠር መለማመድ ይቻላል፦ በመጀመሪያ 10 ወፎችን አንድ በአንድ ቆጥሮ ምን ያህል ስፋት እንደሚይዙ በዓይን መያዝ፣ ከዚያ ያንኑ ስፋት በመንጋው ላይ እየደጋገሙ መጓዝ ነው። መንጋው ከተቀላቀለ ድምሩ መጀመሪያ ይያዛል፣ የየዓይነቱ ድርሻ ከዚያ በኋላ ይለያል፤ ወፎቹ ድንገት ቢነሡ ቢያንስ ድምሩ በእጅ ይቀራል።