ሰርቨሩና ክላየንቱ አልግባባ ሲሉ
ባሕር ዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ኩዊክ (QUIC) የተባለውን በኢንተርኔት መረጃ የሚተላለፍበትን ፕሮቶኮል ለመማር ትንሽ ሰርቨርና (መልስ ሰጪ ፕሮግራም) ክላየንት (ጠያቂ ፕሮግራም) እየጻፍን ነበር። ሁለቱ አልገናኝ አሉ። ኮዱን ብናገላብጠው ምንም የለውም። ጣጣው የመጣው ከምናነበው ሰነድ ነው። በቴሌግራምና በፍላሽ የዞሩት ፋይሎች አንዱ «ኩዊክ አዲሱ»፣ ሌላው «ኩዊክ የመጨረሻው» ይላል። ከፍተን ስናያቸው አንዱ ድራፍት (ረቂቅ) 27፣ ሌላው ድራፍት 29 ነው። በመካከላቸው የመጀመሪያው የምስጠራ ቁልፍ የሚወጣበት ቋሚ ቁጥር ተቀይሯል። እንዴት ይግባቡ?

የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎችን ደረጃ በሚያወጣው አይኢቲኤፍ (IETF) ላይ የሚወጣ ድራፍት ሁሉ በስሙ መጨረሻ ባለ ሁለት አሃዝ የስሪት ቁጥር አለው፤ ከ00 ይጀምራል። ያንን ስም ማንም እንዳይነካ ተስማማን። በየፎልደሩ አጭር ማስታወሻ ጨመርኩ፦ መቼ ወረደ፣ መቼ ጊዜው ያልፋል (ድራፍት ቢበዛ 6 ወር ነው የሚያገለግለው)፣ በምን ተተካ። ኩዊክ ግንቦት 2013 ዓ.ም. አርኤፍሲ (RFC፣ ከረቂቅነት አልፎ ቁጥር ተሰጥቶት የሚታተም ሰነድ) 9000 ሆኖ ወጥቷል። አርኤፍሲ አንዴ ከወጣ ጽሑፉ አይቀየርም፤ ስህተት ከተገኘ ለብቻው ይመዘገባል።

የቆዩትን አልሰረዝኳቸውም። የድሮ ኮድ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠቅስ ካለ ግን ድራፍቱ ራሱ «ገና በሥራ ላይ ያለ» ተብሎ ብቻ እንዲጠቀስ ይጠይቃል።

ስንልክም ፋይሉን ከነሙሉ ስሙና ከነሊንኩ ነው፤ ማታ ማታ ኔትወርኩ ስለሚንቀራፈፍ ሊንክ ብቻውን አይበቃም። ኮዱን ወደ 9000 አዛወርነው፤ ተገናኙ። አንዱ ጓደኛችን ግን አሁንም «አዲሱ» እያለ ይልካል። አልከፍትለትም።