ፓራውልትን ቤት ውስጥ ከፋይበር ግላስ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋይበር ግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል የሚጠነክር ፈሳሽ የተነከረ የብርጭቆ ክር፣ ለመኪና አካል አዲስ ነገር አይደለም። ሼቭሮሌ በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬት የተባሉ የስፖርት መኪኖች ውጫዊ አካላቸው ከዚሁ ነበር የተሠራው፣ ያውም በእጅ እየተነጠፈ። ስለዚህ ለአሮጌ ኮሮላው ፓራውልት ወይም ፓራፋንጎ አጥቶ የተቸገረ ሰው ግቢዬ ውስጥ ልሥራው ቢል ያስኬዳል። ችግሩ ብዙዎቹ መኪናው ላይ አልገጥም ይላሉ፣ የገጠሙትም ቶሎ ይሰነጠቃሉ። ጥፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፋይበር ግላሱ ጨርቅ ከመነጠፉ በፊት የተፈጸመ ነው።

ፓራውልቱን ፈትቶ መሬት ላይ ፎርማ ማውጣት

የፕላስቲክ ፓራውልት ከመኪናው ሲፈታ ቅርጹን አይጠብቅም፤ ሁለቱ ጫፎቹ ይከፈታሉ፣ መሐሉ ይረግባል። በዚያ ሁኔታ የወጣ ፎርማ (አዲሱ አካል የሚነጠፍበት ቅርጽ) ጥፋቱን ቀድቶ ያስቀምጠዋል፣ አዲሱ ፓራውልትም ከፓራፋንጎው ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የተሰበረውን ይጠግኑ፣ በስቱኮ ያስተካክሉ፣ ያለስልሱ፤ ከዚያ መኪናው ላይ እንደታሰረ፣ ሌላውን የመኪናውን ክፍል በፕላስቲክ ሸፍነው ፎርማውን እዚያው ያንጥፉ። ጎማው አጠገብ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጠርዝ ካለ ፎርማው በአንድ ቁራጭ አይወጣም። በብሎን የሚጋጠም ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ያድርጉት። ፎርማው ከሚሠራው አካል ወፍራም መሆን አለበት፤ የእንጨት ወይም የብረት ደጋፊውም የሚለጠፈው ከመላቀቁ በፊት ነው።

ሰም መቆጠብ

አዲስ ፎርማ በአንድ ዙር ሰም አይጠግብም። አምስት ስድስት ጊዜ ይቀቡ፣ በየዙሩ እስኪያበራ ይወልውሉ፣ ሬዚኑ ፎርማው ላይ እንዳይጣበቅ በላዩ ፒ ቪ ኤ የሚባል መለያያ ፈሳሽ ያድርጉበት። ሲሊኮን ያለበትን የመኪና ማንጸባረቂያ ግን አይጠቀሙ።

ሃርድነርን በዓይን መገመት

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙዎች የሚገዙት ርካሹን ፖሊስተር ሬዚን ነው፤ የሚያጠነክረው ደግሞ ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባል ፈሳሽ፣ ሃርድነሩ፣ ነው። መጠኑ በተለምዶ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። ይህን በጠርሙስ ክዳን መለካት አይቻልም። የግራም ሚዛን ወይም ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ካነሰ የቱንም ያህል ቢቆይ በቅጡ አይጠነክርም። ከበዛ ይግላል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ሙቀቱም ይወስነዋል፦ ድሬዳዋ ላይ ወደ 1 በመቶ ይጠጉ፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ከሆነ ወደ 2 ይጠጉና እኩለ ቀን ላይ ይሥሩ። ከ15 ዲግሪ በታች ባይጀምሩ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ አይበጥብጡ፤ ቆርቆሮ ውስጥ የቀረው ትርፍ በራሱ ግሎ እስኪጨስ ይደርሳልና ከቤት ውጭ ያኑሩት። የጀርባው ገጽ ትንሽ ቢጣበቅ ግን አይደንግጡ፣ አየር የነካው ፖሊስተር ጠባዩ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮባልት (የሬዚኑን መጠንከር የሚያፋጥነው ፈሳሽ) ለብቻው ተሽጦልዎት ከሆነ ከኤም ኢ ኬ ፒ ጋር በቀጥታ አያገናኙት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ኮባልቱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ይዋሃድ፣ ሃርድነሩ ከዚያ በኋላ ይጨመር። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። መነጽር ሳያደርጉ ክዳኑን አይክፈቱ፣ ውሃም አጠገብዎ ይኑር።

የማይስማሙ ነገሮችን ማገናኘት

ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ቀርጾ በላዩ ፖሊስተር ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ሬዚኑ ፎሙን ያሟሟዋል። ፎሙን በስኮች አጥብቀው ይሸፍኑ ወይም ኢፖክሲ የተባለውን ሌላ ዓይነት ሬዚን ይጠቀሙ። ኢፖክሲ ከመረጡ ደግሞ ተራው ማት (የተቆራረጠ የብርጭቆ ክር ተጣብቆ የተሠራ ጨርቅ) ክሩን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ነውና የተሸመነውን ጨርቅ ይግዙ። የተሰበረ ፓራውልት መጠገን ለሚፈልግም፦ ጀርባው ላይ ፒፒ የሚል ምልክት ካለ ፋይበር ግላስ አይይዝለትም፣ ትንሽ ቆይቶ ይላጣል።

በጄልኮት መቸኮል

ጄልኮቱ፣ ማለትም ፎርማው ላይ መጀመሪያ የሚቀባው፣ በኋላ የውጭ ገጽ የሚሆነው ሬዚን፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይሁን። በጣት ሲነኩት እየተጣበቀ ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ማቱን ይጀምሩ። ከዚያ በፊት ከጀመሩ ወይም ጄልኮቱን ካሳሱት ይጨማደዳል፣ መፍትሔውም ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው።

ሬዚን በበዛ ቁጥር ይጠነክራል ብሎ ማሰብ

ጥንካሬው ያለው ክሩ ውስጥ ነው፤ ሬዚን ብቻውን ተሰባሪ ነው። ለ1 ኪሎ ማት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሬዚን ይበቃል። ባለ 450 ግራም ማት አንዱ ንጣፍ ወደ 1 ሚሊሜትር ይሰጣል፣ ለፓራውልት ሦስት ንጣፍ ደህና ነው። የማቱን ጠርዝ በመቀስ ከመቁረጥ በእጅ ይቅደዱት፤ የተበተነው ክር ከጎረቤቱ ጋር ስለሚዋሃድ መጋጠሚያው አይታይም። በብሩሽ እየመቱ፣ በብረት ሩሎ እየገፉ አየሩን ያስወጡ። ነጭ ሆኖ የሚታየው ሬዚን ያልጠጣ ወይም አየር የያዘ ቦታ ነው። ሹል ማዕዘን ላይ ማት አይተኛም። መጀመሪያ ሬዚንና የተከታተፈ ክር ለውሰው ማዕዘኑን ያክቡት።

በአቧራ ማስክ መተማመን

የጨርቅ ማስክ ከፖሊስተር ሬዚን የሚወጣውን የስታይሪን ትነት አያስቀርም። ለኬሚካል ትነት የተሠራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያድርጉ፣ በር ክፍት በሆነበት ይሥሩ። ሲቆርጡና በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ የአቧራ ማጣሪያም ይጨምሩ፣ በውሃ እያራሱ ቢፍቁ አቧራው ይቀንሳል።

ቶሎ ማላቀቅ፣ በብሎን ማነቅ

ሬዚኑ እንደ ቆዳ ሲሆን ትርፉን ጠርዝ በቢላ ይቁረጡ፤ ከደረቀ በኋላ ግራይንደር ይፈልጋል። ፎርማው ላይ ግን 24 ሰዓት ይቆይ፣ ቀድሞ የተላቀቀ ይጣመማል። ሲገጥሙ ቀዳዳውን ከብሎኑ በትንሹ አስፍተው ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉበት፣ ብሎን የሚይዘውንም ቦታ ሁለት ንጣፍ ጨምረው ያጠናክሩ። ከፓራውልቱ ጀርባ ያለውን የብረት አግዳሚ ቦታ ያዘብኝ ብለው አይፍቱት፤ ግጭትን የሚቀበለው እሱ ነው፣ ፋይበር ግላሱ አይተካውም። ኮፈን ከሠሩም ዋናው መቆለፊያ ላይ ሁለት የደህንነት ፒን ይጨምሩ፣ በፍጥነት ላይ ተነስቶ መስታወቱን እንዳይሸፍን።